የጠብታ ስሌትና የክፍል ውስጥ ሂሳብ

በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ በምን ፍጥነት መውረድ እንደሚገባው ማስላት የነርስ የዘወትር ተግባር ነው። ስሌቱ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። ይሁን እንጂ ማባዛትን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው እንኳ ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደሆነ ከዘነጋ በሽተኛውን ሊጎዳ ይችላል።

ሐኪሙ 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ አዘዘ እንበል። ነርሷ በዓይኗ የምትቆጥረው ጠብታን፣ በእጅ ሰዓቷ የምትለካውም ደቂቃን ነው። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። የጠብታው ጉዳይ ግን በቃል የሚጠና አይደለም፤ ቱቦው ከታሸገበት መያዣ ላይ መነበብ አለበት። አንዱ ቱቦ 1 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ20 ጠብታ፣ ሌላው በ10 ወይም በ15 ጠብታ ያወርዳል፤ ለሕፃናት የሚመረጠው ደቃቅ ጠብታ የሚጥለው ደግሞ በ60። ባለ 20 ጠብታ ከሆነ 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ሲካፈል በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል ይሆናል። በባለ 60ው ግን 125 ጠብታ ነው። በዚህ ቱቦ 60ው ጠብታና 60ው ደቂቃ ስለሚጣፉ፣ በደቂቃ የሚወርደው ጠብታ በሰዓት ከሚገባው ሚሊ ሊትር ጋር እኩል ይሆናል፤ ይህን ተማሪዎች ራሳቸው እንዲደርሱበት ቢደረግ መልካም ነው።

ቱቦዎቹ ቢሳሳቱስ? 42 ጠብታ በባለ 60ው ቢቆጠር የ8 ሰዓቱ ፈሳሽ 24 ሰዓት ይፈጃል። 125 ጠብታ በባለ 20ው ቢለቀቅ ደግሞ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያልቃል፤ ልቡ ለደከመ ሰው ይህ ፈሳሽ ሳንባውን እስከ መሙላት ሊደርስ ይችላል። በሁለቱም ጊዜ የማካፈሉ ሥራ ትክክል ነበር።

ኃይለኛ መድኃኒት ሲሆን ክብደትም ይጨመራል። 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ዶፓሚን በየደቂቃው ለአንድ ኪሎ ግራም 5 ማይክሮ ግራም ቢታዘዝ፣ በደቂቃ 300 ማይክሮ ግራም፣ በሰዓት 18 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል። 200 ሚሊ ግራሙ በ250 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከተበጠበጠ 1 ሚሊ ሊትሩ 0.8 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ፣ በሰዓት 22.5 ሚሊ ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። ማይክሮን ከሚሊ ያምታታ ሰው አንድ ሺህ እጥፍ ይስታል።

እንግዲህ መምህሩ የንጽጽርን ትምህርት በሚያስተምርበት ጊዜ «42» ብሎ ለሚመልስ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ከመስጠቱ በፊት «አርባ ሁለት ምን? በምን ያህል ጊዜ? በየትኛው ቱቦ?» ብሎ ቢጠይቅ ይገባል። ለሙከራውም ክዳኑ የተበሳ ጠርሙስ፣ የመርፌ ስሪንጅና ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ይበቃል።