ከስሌት የቀረው ድካም

አሜሪካዊው መሐንዲስ ፎርድ ሃሪስ በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ቀመር በአንድ ጊዜ ሊመረት የሚገባው የዕቃ ብዛት የሚሰላው የእያንዳንዱን ዙር የዝግጅት ወጪ ዕቃውን በመጋዘን ከማቆየት ወጪ ጋር በማመዛዘን ሲሆን፣ ዕቃውን የሚያነሳው ሠራተኛ ድካም ግን በስሌቱ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ይህን ጉድለት የሚያሳየው ኤርጎኖሚክስ፣ ማለትም ሥራን ከሰው አካል ዐቅም ጋር የማጣጣም ጥናት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም በ1991 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው የማንሻ ቀመር እጅግ በተመቸ ሁኔታ እንኳ ከ23 ኪሎ ግራም በላይ በእጅ ማንሳትን አይመክርም፤ ሸክሙ ከሰውነት ሲርቅ፣ ከወለል ሲነሳ፣ ወገብ ሲጠማዘዝ ወይም ማንሳቱ ሲደጋገም ደግሞ ልኩ እየቀነሰ ይሄዳል። በየግንባታው የሚታየው ባለ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ከዚህ ልክ በእጥፍ ይበልጣል፤ የኩንታል ተሸካሚው ጉዳይማ ባይነሳ ይሻላል።

እንግዲህ ትልቅ ጭነት በአንድ ጠዋት ማራገፍ በሒሳብ መዝገብ ቢያዋጣም፣ አቅርቦቱን በቀናት ከፋፍሎ በየመካከሉ አጫጭር ዕረፍት መስጠት፣ ቶሎ ቶሎ የሚወጣውንም ዕቃ ከጉልበት በላይና ከትከሻ በታች ባለው መደርደሪያ ማስቀመጥ፣ የማጓጓዣ ወጪ ቢጨምርም፣ ስሕተትንና የወገብ ጉዳትን ሊቀንስ ይችላል።