የአያሌው መስፍን «ሃሳቤ» ይገዛል ወይስ አይገዛም?

ሰሞኑን እዚህ ዲላ ከወዳጆቼ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አለ። «ዘፈኑን ስልኬ ላይ በነፃ እያገኘሁት ስብስቡን ለምን እገዛለሁ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞችና የቡና ነጋዴዎች ናቸው። ስብስቡ ደግሞ አያሌው መስፍን ከጥቁር አንበሳ ባንድ ጋር በደርግ ዘመን መባቻ አካባቢ የተጫወታቸውን ዘፈኖች የያዘው «ሃሳቤ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ናው አጌይን የተባለ የሎስ አንጀለስ አሳታሚ አውጥቶታል።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ይገዛል፤ ለሁሉም ሰው ግን አይደለም።

በሌላው ዓለም ስብስብ አልበም ብዙ ክብር የለውም። የአንድ ሮክ ባንድ እውነተኛ አድናቂ ዋናዎቹን አልበሞች አንድ በአንድ ይገዛል፤ «ምርጥ ሥራዎች» የሚባለው ለጀማሪ ወይም ለስጦታ ነው ተብሎ ይታሰባል። የእኛ ጉዳይ ግን ለየት ይላል። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ዘፈን በብዛት የሚወጣው በትንሿ ሸክላ፣ በፊት አንድ በጀርባ አንድ ሆኖ ነበር። አምሃ እሸቴ የሀገር ፍቅርን የሸክላ ሞኖፖል ጥሶ እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው አምሃ ሪከርድስ እንኳ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች ሲያሳትም፣ ረጃጅሞቹ አልበሞቹ ከደርዘን ብዙም አያልፉም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ስብስብ ከአልበሞች የተቀነጨበ ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ አድማጩ የሚያገኘው የመጀመሪያው ሙሉ አልበም እሱ ነው።

ሙዚቃው ራሱስ? ሮክ ነው ወይስ ፈንክ የሚለው ክርክር ብዙም አያስኬድም። ጊታሩ በፈዝና በዋዋ ፔዳል ሆን ተብሎ ሻክሮና ተንሰቅስቆ ይወጣል። ቤዙና ድራሙ የጄምስ ብራውንን ዘመን ያስታውሳሉ። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ከክቡር ዘበኛና ከፖሊስ ኦርኬስትራ የመጣውን ወግ ይዘዋል። ከላይ የሚሰማው የወልድያው ልጅ ድምፅ ግን ከቅኝቱ አይወጣም። ይህ ሁሉ በአንድ ዘፈን ውስጥ ሲገናኝ፣ የባዕድ ነገር ተለጥፎበታል ለማለት አያስደፍርም። ባንዱ ያበደው በራሱ ቋንቋ ነው።

ዘፈኖቹ ይህን ያህል ጊዜ የተሰወሩት ሰው ጠልቷቸው አይደለም። በደርግ ዘመን አያሌው ታሰረ፤ ሥራውም ታገደ። ቆይቶ አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ገብቶ ኑሮውን መሠረተ። ሸክላዎቹ በሰብሳቢዎች እጅ እየዞሩ ሲወደዱ፣ ከዚያ ንግድ ለዘፋኙም ሆነ ለተጫዋቾቹ የሚደርስ ነገር አልነበረም።

እንግዲህ አንድ ስብስብ ሲቀርብልኝ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ባለቤቱ ፈቅዷል ወይ? የተጫዋቾቹ ስም ተጽፏል ወይ? ድምፁስ ከምን ላይ ተወስዶ እንዴት ተጠግኗል?

ይህን ለጌዴኦ ሰው በቡና ማስረዳት ይቀላል። የይርጋጨፌ ቡና ከሌላ ጋር ተደባልቆ ሲቆላ ጠጪው ጥሩ ቡና መጠጣቱን እንጂ የማንን ቡና እንደጠጣ አያውቅም። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሥታ ከስታርባክስ ጋር የተሟገተችው፣ እ.ኤ.አ. በ2007ም ስምምነት ላይ የደረሰችው ስም ገንዘብ ስለሆነ ነው። ስልክ ላይ በነፃ የሚዞረው ዘፈን ስሙን እንዳጣ ቡና ነው። የጫነው ሰው አይታወቅም፤ ጊታሩን የመታው አይጠቀስም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ሌላ ለከዋኞችና ለድምፅ ሪከርዲንግ አሳታሚዎችም መብት ሰጥቷል፤ ሰሚው ካልገዛ ግን መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

«ሃሳቤ» የመጀመሪያውን ፈተና ያልፋል፤ የወጣው ከአያሌው ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። በድምፅ በኩል የዛሬ ስቱዲዮ ጥራት አትጠብቁ። የዚያ ዘመን ቀረጻ ሻካራ ነው፤ ለዚህ ጊታር ደግሞ ሻካራነቱ ያምርበታል።

መግዛት ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ልጥቀስ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የቀድሞ ካሴቱ በሕጋዊ መንገድ እንደገና ሲታተም አድማጭ አገኘ፤ ወደ መድረክም ተመለሰ። በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። ገዢ ባይኖር ይህ አይሆንም ነበር።

የማይገዛው ማን ነው? አንድ ዘፈን ብቻ የወደደ ሰው ያንኑ አንዱን ይግዛ። ለስላሳ ትዝታ የሚፈልግም እዚህ ብዙ አያገኝም። የኢትዮፒክስ ሲዲዎች ያሉት ሰው ከአያሌው ሥራዎች አንድ ሁለቱን ያውቃቸዋል፤ ለእሱ የ«ሃሳቤ» ጥቅም ባንዱን ከብዙ ዘፋኞች መሐል አውጥቶ ብቻውን ማሰማቱ ነው። ሸክላ ማጫወቻ የሌለው ሰው ለሸክላው ገንዘብ አያውጣ፤ የውጭ ምንዛሪና የማስመጫ ወጪ አለበት። ውጭ ያለ ዘመድ በዲጂታል ገዝቶ ቢልክለት ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። ከፓሪስ የሚወጣው ኢትዮፒክስ እ.ኤ.አ. በ2017 ቅጽ 30 ላይ ደርሷል። ከጎረቤቶቻችን ኮንሶ የራሷ ቅጽ አላት፤ ለጌዴኦ ግን የተሰጠ ቅጽ የለም። መልክዓ ምድራችን በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዜማችን ገና ሰብሳቢ ይጠብቃል። ቤቱ ውስጥ በጌዴኡፋ የተዘፈነበት አሮጌ ካሴት ያለው ሰው ክሩ ሳይሻግት ያስገልብጠው፤ የዘፋኙን፣ የተጫዋቾቹንና የቀረጻውን ዓመት ጠይቆ ሽፋኑ ላይ ይጻፍበት። ነገ ስብስቡን የሚያሳትም ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።