ብራውዘር ራሱን የሚያስተዋውቅበት ጽሑፍ እና የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ፍተሻ

አንድ የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነዋሪ የመንግሥት አገልግሎት ለማግኘት በእጅ ስልኩ የማመልከቻ ገጽ ሲከፍት፣ ነዋሪው ስሙን ከመጻፉ በፊት ስልኩ ስለ ራሱ አንድ መስመር ጽሑፍ ለሰርቨሩ ይልካል። ይህ ጽሑፍ ዩዘር ኤጀንት ይባላል። የብራውዘሩን ስምና የስሪት ቁጥር፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ዓይነት፣ አንዳንድ ጊዜም የስልኩን ሞዴል ይይዛል። ብዙ ሰርቨሮች ይህን አንብበው ለተገልጋዩ የትኛውን የገጽ ቅርጽ እንደሚሰጡ ይወስናሉ። ውሳኔው ከተሳሳተ ተገልጋዩ ባዶ ገጽ ወይም ብራውዘሩ እንደማይደገፍ የሚገልጽ መልእክት ያገኛል። በአቃቂ ፋብሪካዎች በፈረቃ ለሚሠራ ሰው የዚህ ስህተት ዋጋ ከአለቃ ፈቃድ ጠይቆ፣ ትራንስፖርት ከፍሎ፣ በአካል ቢሮ ድረስ መሄድ ነው።

ጽሑፉ ራሱ ለማንበብ ግራ የሚያጋባ ነው። የክሮም ብራውዘር ዩዘር ኤጀንት የሚጀምረው «ሞዚላ» በሚለው ስም ሲሆን፣ ቀጥሎ አፕል ዌብኪትንና ጌኮን ይጠቅሳል፤ የራሱን ስም ከጠራ በኋላም ሳፋሪ እንደሆነ አድርጎ ይጨርሳል። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው። ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የኔትስኬፕ ብራውዘር የውስጥ መጠሪያ ነበር። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ሰርቨሮች የተሻሻለውን ገጽ ይህን ስም ለሚጠራ ብራውዘር ብቻ ይሰጡ ስለነበር፣ የማይክሮሶፍቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከሞዚላ ጋር ተስማሚ መሆኑን እየገለጸ መቅረብ ጀመረ። ከእርሱ በኋላ የመጡትም በየተራቸው የቀደሙትን ስም እየደረቡ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ክሮም ይህን ሁሉ ወርሶ ነው የመጣው። እንግዲህ «ሞዚላ» የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ ተገልጋዩ በምን እየተጠቀመ እንደሆነ መወሰን አይቻልም።

በሀገራችን በርካታ ተጠቃሚ ያፈራው ኦፔራ ሚኒ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ይህ ብራውዘር የኢንተርኔት ወጪን ለመቀነስ ገጹን በራሱ ሰርቨሮች አማካይነት አጭቆ ወደ ስልኩ ይልካል። በመሆኑም አገልግሎት ሰጪው የሚያየው ጥያቄ በቀጥታ ከስልኩ የመጣ አይደለም፤ የስልኩ የራሱ ዩዘር ኤጀንት በተለየ መስክ ተጽፎ ይደርሳል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ የሠራው ገጽ በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ያለ እንከን እየሠራ፣ በአነስተኛ ስልክ የሚጠቀመውን ተገልጋይ ሊመልስ ይችላል።

ባለሙያዎች ይህን ዓይነት ችግር አስቀድመው የሚያጣሩት የትእዛዝ መስመር መሣሪያዎችን በመጠቀም ነው። በጣም የታወቀው ከርል ሲሆን በዚህ ስሙ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አገልግሎት ላይ ውሏል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በወጡ የዊንዶውስ 10 ስሪቶችም ውስጥ አብሮ ይገኛል። ከርል አንድን ድረ ገጽ ሲጠይቅ፣ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው በስተቀር፣ የራሱን ስምና የስሪት ቁጥር ብቻ ይልካል። ሰርቨሩ ይህን ስም ሲያይ የሚሰጠው መልስ ለእውነተኛ ብራውዘር ከሚሰጠው ሊለይ ስለሚችል፣ ባለሙያው የአንድን ብራውዘር ዩዘር ኤጀንት አስገብቶ እንዲጠይቅለት ያዘዋል።

ታዲያ ያ ጽሑፍ ከየት ይገኛል? ከጥቂት ዓመታት በፊት የተቀዳ ጽሑፍ ዛሬ ትክክለኛ ናሙና አይሆንም። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በየአራት ሳምንቱ አዲስ ስሪት ማውጣት በመጀመሩ ቁጥሮቹ ቶሎ ያረጃሉ። ይህን ክፍተት ለመሙላት የብራውዘሩ ስምና የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ዓይነት ሲነገራቸው ወቅታዊውን ዩዘር ኤጀንት አምጥተው በስክሪኑ ላይ የሚጽፉ አነስተኛ መሣሪያዎች ተሠርተዋል። የእነርሱ ውጤት በቀጥታ ለከርል ስለሚተላለፍ፣ አንድ የማመልከቻ ገጽ ለክሮም፣ ለፋየርፎክስና ለሳፋሪ ምን እንደሚመልስ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማነጻጸር ይቻላል። መልሶቹ ከተለያዩ፣ ለምሳሌ አንዱ ገጹን ሲያገኝ ሌላው ከተከለከለ፣ ስህተቱ ከሰርቨሩ በኩል መሆኑ ይታወቃል።

ይህ ፍተሻ ግን የሰርቨሩን መልስ እንጂ ገጹ በስልኩ ላይ በትክክል መከፈቱን አያሳይም። የተዋሰ ስም የስልኩን ጠባብ ስክሪን ወይም አነስተኛ ሜሞሪ አያመጣም፤ ስለዚህ አሮጌ ስልክ በእጅ ይዞ መሞከርን አይተካም። ዩዘር ኤጀንቱም ቢሆን የሚናገረው እየቀነሰ ነው። የተጠቃሚዎችን ግላዊነት ለመጠበቅ ሲባል ክሮም በአንድሮይድ ስልኮች ላይ የስልኩን ሞዴል በአንድ ፊደል ተክቶታል፤ የአንድሮይዱንም ስሪት ምንጊዜም 10 እያለ ይጽፋል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የተገልጋዮችን ስልክ የሚቆጥር ተቋም የተሳሳተ ስሌት ላይ ይደርሳል።

የግላዊነት ጉዳይ አገልግሎት ሰጪዎችንም ይመለከታል። ዩዘር ኤጀንት ብቻውን ሰውን አይለይም፤ ከኢንተርኔት አድራሻና ከሰዓት ጋር ተዳብሎ በሰርቨሩ መዝገብ ሲቀመጥ ግን አንድን ተገልጋይ ከሌላው ለመለየት ሊረዳ ይችላል። እንዲህ ያለ መረጃ ወደ ሰው ሲያመራ አያያዙ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት መሆን ይኖርበታል።

ገጽ አልከፈት ያለው ተገልጋይ ችግሩን ለአገልግሎት ሰጪው ሲያሳውቅ የብራውዘሩን ስምና የስሪት ቁጥር አብሮ ቢጠቅስ ባለሙያው ያንኑ ሁኔታ ፈጥሮ ለመሞከር ይችላል። ቁጥሩ በአብዛኛዎቹ ብራውዘሮች ቅንብር ውስጥ፣ ስለ ብራውዘሩ በሚገልጸው ክፍል ይገኛል።