ትእዛዝ የተቋረጠበት ድሮን ወዴት ይሄዳል?

መተማን ከጋላባት የሚለየው አንድ ትንሽ የክረምት ወንዝና በላዩ የተሠራው አጭር ድልድይ ነው። ከድልድዩ ማዶ የሱዳን ምድር ይጀምራል፤ ከዚያም 150 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ገዳሪፍ ከተማ ይደርሳል። አገሩ ዋልካ መሬት ሆኖ ሜዳማና ሰፊ ነው፤ ማሽላና ሰሊጥ ዐይን እስከሚያይበት ድረስ ይዘራበታል። በዚህ ድልድይ ላይ እግረኛ ሲሻገር ወረቀቱን ያሳያል፤ ከብት ሲሻገር እረኛው ይጠየቃል። በሰማይ የሚያልፍ ነገር ግን ድልድይም ኬላም አያግደውም። ስለዚህ በድንበር አካባቢ አንድ ያልታሰበ እንግዳ ሊመጣ ይችላል፤ እርሱም የራዲዮ ትእዛዝ የተቋረጠበት ድሮን ነው።

ድሮን ማለት ሰው ሳይሳፈርበት ከሩቅ በራዲዮ የሚታዘዝ አይሮፕላን ማለት ነው። ትልልቆቹ የጦር መሣሪያ ይሸከማሉ፤ ትንንሾቹ ግን ከአንድ ኪሎ ግራም ብዙም የማይበልጡ፥ አራት ተሽከርካሪ ክንፍ ያላቸው፥ ለጨዋታና ለፎቶግራፍ የሚያገለግሉ ናቸው። በሠርግ ቀን ከድንኳኑ በላይ ሲያንዣብቡ ያላያቸው የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተውም እነዚህን ትንንሾቹን ነው። ዳሩ ግን ትንሹን ከትልቁ ለይቶ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ከተነሣ በኋላ፥ ዓመት ሲሞላው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጦር ድሮኖች ገዳሪፍ ከተማን መትተዋል። ከዚያ ወዲህ የዚያ አገር ሰው በላዩ የሚያፏጭ ድምፅ ሲሰማ የሙሽራ ፎቶግራፍ ትዝ አይለውም፤ ልጆቹን ጠርቶ ወደ ቤት ያስገባል፤ ወታደሩም ጠመንጃውን ያነሣል። ድሮን የጠፋበት ሰው የሚያጣው ገንዘብ ነው፤ ድሮኑ የወደቀበት አገር ግን «ማን ላከው? ምን ሊያይ መጣ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ የሚሰጠውም የለም።

ስለሆነም በቅድሚያ ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። ድሮን ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ውስጥ ሸጉጦ ያመጣው ስጦታ በጉምሩክ ቢያዝ የሚያስገርም አይደለም። በድንበር አጠገብ፥ ይልቁንም ጦርነት ባለበት አገር አጠገብ፥ ለጨዋታ ድሮን ማስነሣት ጨርሶ የማይገባ ነው። ከዚህ በታች የምንጽፈው ፈቃድ ይዘው በሌላ ሥፍራ ለሚያበሩና ሥራ ግድ ብሏቸው ማሳ ለሚያነሡ ሰዎች ነው።

የትእዛዝ መቋረጥ ምን ያህል ጣጣ እንደሚያመጣ ለማወቅ ነሐሴ 10 ቀን 1948 ዓ.ም. (16 ኦገስት 1956 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አገር የሆነውን መመልከት ይበቃል። በዚያ ቀን የአሜሪካ ባሕር ኃይል አንድ አሮጌ «ሄልካት» የተባለ አይሮፕላን ቀይ ቀለም ቀብቶ፥ ሰው ሳይሳፈርበት፥ ለተኩስ ልምምድ ዒላማ እንዲሆን በካሊፎርኒያ ከፖይንት ሙጉ አስነሣው። አይሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ የራዲዮ ትእዛዝ መቀበሉን ተወና ወደ ሎስ አንጀለስ ከተማ አቀና። ባሕር ኃይሉም የአየር ኃይሉን እርዳታ ጠየቀ፤ ሁለት የጦር አይሮፕላኖች ተነሥተው ተከተሉት። እነዚህ ሁለቱ በድምሩ 208 ሮኬት ተኮሱ፤ ከ208ቱ አንዱ እንኳ አልመታውም። ሰው የሌለበት አሮጌ አይሮፕላን እየዞረ ሲሄድ፥ ዘመናዊ መሣሪያ የታጠቁት ሁለቱ ጥይታቸውን ጨርሰው ተመለሱ። «ሄልካት» ነዳጁ ሲያልቅ ከፓልምዴል ከተማ በስተምሥራቅ በበረሃ ወደቀ፤ ሲወድቅም የኤሌክትሪክ ሽቦ በጠሰ።

ጉዳት ያደረሰው ግን የጠፋው አይሮፕላን ሳይሆን እርሱን ለማውረድ የተተኮሰው ሮኬት ነው። የወደቁት ሮኬቶች እሳት አስነሥተው 400 ሄክታር ያህል፥ በእኛ በቀድሞው ልክ ዐሥር ጋሻ የሚሆን መሬት አቃጠሉ፤ እሳቱን ለማጥፋትም ሁለት ቀን ፈጀ። በፓልምዴል በአንዲት ሴት ቤት የሮኬት ስባሪ በፊት ለፊቱ መስኮት ገብቶ፥ ግድግዳ በስቶ፥ በምግብ ማስቀመጫው ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ። በሰው ሕይወት ላይ አደጋ አለመድረሱ በዕድል እንጂ በብልሃት አይደለም። ሰሊጡ ደርቆ ለአጨዳ በቆመበት በጥቅምት ወር አንድ ወታደር በማያውቀው ድሮን ላይ ቢተኩስ፥ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ ማንም አስቀድሞ ሊናገር አይችልም።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ፥ የወንድማቸው ልጅ ድሮን ሊያስነሣ ሲዘጋጅ አይተው፥ «ልጄ፥ ይህ ነገር ቃልህን መስማት ቢያቅተው ወዴት ይሄዳል?» ብለው ቢጠይቁት፥ ልጁ «አባባ፥ ራሱ ይመለሳል» ማለቱ አይቀርም። ሽማግሌውም «እንዲመለስ ማን ነገረው?» ቢሉ ጥያቄው እጅግ ትክክለኛ ነው። ድሮን የሚጠፋው ትእዛዝ ስለተቋረጠበት ብቻ አይደለም፤ ትእዛዝ ሲቋረጥ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ በሚገባ ስላልተነገረው ነው። ፈረስ ጌታውን ጥሎ ወደ ጋጣው የሚመለሰው መንገዱን ስለለመደ ነው፤ ድሮን ግን በየጠዋቱ እንደ አዲስ ካልተነገረው ቤቱ የት እንደሆነ አያውቅም።

ይህን ነገር የጥንቶቹ የመጫወቻ አይሮፕላን ሠሪዎች በሚገባ ተረድተውት ነበር። ራዲዮ ሳይኖር በጎማና በትንሽ ሞተር እየተነሡ የሚበሩት ቀላል አይሮፕላኖች፥ ከሜዳ የሚነሣ ሙቅ አየር ሲያገኛቸው ወደ ላይ እየወጡ ከዐይን ይሰወሩ ነበር። ሠሪዎቹም መላ ፈጠሩ፤ በአይሮፕላኑ ጅራት ላይ ቀስ እያለ የሚነድ ክር አሰሩ። ክሩ ነዶ ሲያልቅ ማሰሪያው ይፈታና የጅራቱ ክንፍ ወደ ላይ ይነሣል፤ ያን ጊዜ አይሮፕላኑ መብረር ትቶ እንደ ጃንጥላ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በላዩ አንድም የኤሌክትሪክ ዕቃ የለበትም፤ ግን ባለቤቱ ከመልቀቁ በፊት የመመለሻውን ሰዓት ወስኖለታል። በእኔ አስተያየት ከዛሬዎቹ ውድ ድሮኖች ብዙዎቹ በባለቤታቸው ስንፍና ምክንያት ከዚያ ክር ያነሰ ጥበቃ ይዘው ይነሣሉ።

ትእዛዝ የሚቋረጥባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ዋናው ርቀት ነው። የራዲዮ ጉልበት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይቀንሳል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ ዘጠነኛ እጅ ይወርዳል። ፋብሪካው በወረቀት ላይ የሚጽፈው ርቀት መሰናክልና ሌላ ራዲዮ በሌለበት ሥፍራ የተለካ ስለሆነ እርሱን ማመን አይገባም። ዛሬ አብዛኞቹ ድሮኖች የሚታዘዙበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ውኃ ያለበትን ነገር ሁሉ በደንብ አያልፍም፤ እርጥብ የማሽላ ማሳ፥ ዛፍ፥ የሰው አካልም ሳይቀር ያዳክመዋል። ማዘዣውን ይዞ ለድሮኑ ጀርባውን የሰጠ ሰው ራሱ ግድግዳ ሆኖበታል ማለት ነው። በዱላ መልክ የተሠራ አንቴናም ጉልበቱን የሚያፈሰው በጎኑ እንጂ በጫፉ አይደለም። ብዙ ሰው አንቴናውን እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ ወደ ድሮኑ ያነጣጥራል፤ ይህ ግን ምልክቱ እጅግ የሚደክምበት አቅጣጫ ነው።

የሌላ ሰው ራዲዮ መግባቱ በቀድሞው ጊዜ ዋነኛ ችግር ነበር። ሁለት ልጆች በአንድ ሜዳ በአንድ ዓይነት ሞገድ ማዘዣ ሲከፍቱ የአንደኛው አይሮፕላን ይወድቃል። የውጭ አገር ማኅበራት ለዚህ ያገኙት መፍትሔ የልብስ መቆንጠጫ ነበር፤ የሞገዱ ቁጥር የተጻፈበትን መቆንጠጫ ከሰሌዳው አንሥቶ የያዘ ብቻ ማዘዣውን ይከፍታል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ማዘዣውና ተቀባዩ እርስ በርሳቸው ተዋውቀው በሰፊ ሞገድ የሚነጋገሩበት አሠራር እየተስፋፋ ስለሄደ መቆንጠጫው ሥራ ፈትቷል።

በገዳሪፍ ሜዳ ሁሉ ላይ ግን ከራዲዮው ይልቅ የሚያሳስበው ነፋሱ ነው። ከምድር ላይ ቀዝቀዝ ያለ መስሎ የሚሰማው ነፋስ በ100 ሜትር ከፍታ ብርቱ ሊሆን ይችላል፤ በክረምቱ መግቢያም «ሀቡብ» የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሰማዩን ይሸፍነዋል። እስቲ በሒሳብ እንየው። አንድ ድሮን ነፋስ በሌለበት በሰኮንድ 12 ሜትር ይበራል እንበል፤ ነፋሱ ደግሞ በሰኮንድ 8 ሜትር ይነፍሳል። ከነፋሱ ጋር ሲሄድ በሰኮንድ 20 ሜትር ስለሚጓዝ 1,200 ሜትር ለመራቅ አንድ ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል። ሲመለስ ግን በሰኮንድ የሚቀረው 4 ሜትር ብቻ ነው፤ ያንኑ መንገድ ለመመለስ አምስት ደቂቃ ያስፈልገዋል። ባትሪውን በግማሽ ከፍሎ ያሰበ ሰው በመንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድሞ በነፋሱ ፊት መሄድ፥ በነፋሱ ጀርባ መመለስ ይሻላል። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ብዙዎቹ ትንንሽ ድሮኖች ከተሠሩበት ልክ ውጭ ስለሚሆኑ ጨርሶ አለማስነሣት ይመረጣል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። ዘመናዊ ድሮን ትእዛዝ ሲቋረጥበት ወደ ተነሣበት ሥፍራ እንዲመለስ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን የተነሣበትን ሥፍራ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚያገኘው ምልክት ነው። ባለቤቱ ቸኩሎ ሳተላይቶቹ ሳይቆጠሩ ካስነሣው፥ ድሮኑ መመለሻ የለውም፤ ወይም የተሳሳተ መመለሻ ይይዛል። ከመኪና ሞተር ክዳን ላይ ወይም ብረት ካለበት የሲሚንቶ ወለል ላይ ካስነሣውም ኮምፓሱ ይሳሳትና ድሮኑ አቅጣጫውን ስቶ ክብ እየሠራ ይርቃል። የመመለሻውም ከፍታ መወሰን አለበት። በአንዳንዶቹ ፋብሪካው 30 ሜትር አድርጎ ይልከዋል፤ ይህ ለባዶ ሜዳ ይበቃ ይሆናል፤ እንደ ገዳሪፉ ታላቅ የእህል ጎተራ ያለ ሕንጻ፥ የስልክ ምሰሶ ወይም ኮረብታ በመካከል ካለ ግን ድሮኑ በታማኝነት ሲመለስ ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። በጦርነት አካባቢ ደግሞ የሳተላይቱ ምልክት ራሱ ሆን ተብሎ ይታወካል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ክሮች ተበጥሰዋልና ድሮኑ ነፋስ ወደ ነዳው ይሄዳል። በድንበር አጠገብ አይነሣ ያልነውም ስለዚህ ጭምር ነው።

በእጅ ተገጣጥመው የሚሠሩት የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንዳንድ ተቀባይ ትእዛዝ ሲቋረጥበት የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ይቆያል፤ የመጨረሻው ትእዛዝ «ወደ ፊት ሂድ» ከነበረ ባትሪው እስኪያልቅ ይሄዳል። ይህን ለማወቅ የሚደረገው ፈተና ቀላል ነው። ፕሮፔለር የሚባሉትን ተሽከርካሪ ክንፎች በሙሉ ፈትቶ ማውጣት፥ ሞተሩን ማስነሣት፥ ከዚያም ማዘዣውን ማጥፋት ነው። ሞተሮቹ ከቆሙ ወይም የተወሰነላቸውን ከሠሩ መልካም ነው፤ ምንም እንዳልሆነ መዞራቸውን ከቀጠሉ ያ ድሮን ከቤት መውጣት የለበትም። ክንፎቹን ሳያወጡ ይህን መሞከር ጣት ያስቆርጣል፤ ልጆች ባሉበት ቤትም ጨርሶ አይሞከርም።

ፈተናው ለምን እንደሚያስፈልግ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዳግመኛ ተምሯል። ሐምሌ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. (2 ኦገስት 2010 እ.ኤ.አ.) «ፋየር ስካውት» የተባለው ሰው አልባ ሄሊኮፕተር ትእዛዝ ተቋርጦበት 23 ማይል ተጉዞ በዋሽንግተን ዙሪያ ወዳለው ክልክል ሰማይ ገባ። ወደ መነሻው የመመለስ ትእዛዝ ተሰጥቶት ነበር፤ በውስጡ ባለው ፕሮግራም ጉድለት የተነሣ ግን አልፈጸመውም። ሠራተኞቹ ግንኙነቱን መልሰው በማግኘታቸው በሰላም አሳረፉት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ትእዛዙ ቢቋረጥስ? በመጀመሪያ መደናገጥና ማዘዣውን አጥፍቶ ማብራት አይገባም። ፊትን ወደ ድሮኑ መልሶ፥ አንቴናውን አስተካክሎ፥ ቢቻል ከፍ ወዳለ ሥፍራ መውጣት ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ ግንኙነቱ ራሱ ይመለሳል። መመለስ ከጀመረም በመንገዱ ባይጣልፉት ይሻላል። ከዐይን ከተሰወረ የታየበትን የመጨረሻ አቅጣጫ፥ ሰዓቱንና የነፋሱን አነፋፈስ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ከዚያም ሌላ ሰው ሳያገኘው በፊት ለቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ማስታወቅ ነው። ባለቤቱ ቀድሞ ያስታወቀው ድሮን የጠፋ ዕቃ ይባላል፤ ሳይነገር የተገኘ ግን ሌላ ስም ይሰጠዋል።

ለዚሁ የሚረዳ፥ ዋጋውም ከአንድ ቁራጭ ወረቀት የማይበልጥ ነገር አለ። በድሮኑ ሆድ ላይ የባለቤቱን ስምና የስልክ ቁጥር ጽፎ በፕላስቲክ መለጠፍ ነው። ጽሑፉ በአማርኛ ብቻ ባይሆን ይመረጣል፤ በዚህ ወሰን ያገኘው ሰው የሚያነበው ዓረብኛ ሊሆን ይችላልና በሁለቱም ይጻፍ፤ ከስሙ በታችም «የፎቶግራፍ ዕቃ ነው፤ መሣሪያ የለበትም፤ ባትሪው እሳት ስለሚያስነሣ አትክፈቱት» የሚል ይጨመርበት።