ጎማውን ቁረጡት፣ መስታወቱን አትንኩት!

ዛሬ ጠዋት አንድ አባት የ1982 ሞዴል ሃይሉክስ ፒክአፓቸውን ይዘው መጡ። የፊት መስታወቱ ከታች ከግራ ጥግ ተነሥቶ እስከ ሹፌሩ ዐይን ትይዩ ተሰንጥቋል። ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የመጣ መስታወት ነው። ከ40 ዓመት በላይ ኮረኮንች ያልበገረውን፣ ቀለም እንቀባለን ብለው መኪናውን የወሰዱት ልጆች በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። መስታወቱን ለማውጣት በካቻቢቴ! መኪናውን ሲያስረክቡ ደህና ይመስል ነበር፤ ስንጥቁ የታየው በማግስቱ ነው። ሲመለሱ «አባባ፣ አርጅቶ ነው» አሏቸው።

አላረጀም። የፊት መስታወት ሁለት ብርጭቆ ነው፤ መሃሉ ላይ ከ1 ሚሊሜትር የቀጠነ ፕላስቲክ አጣብቆ ይዞታል። ፊቱን በመዳፍ ብትገፉት ይችላል። ጠርዙን ግን የብረት ጫፍ ከነካው፣ በዐይን የማትታይ ቁራጭ ትነሣለች። ሌሊት ይበርዳል፣ ጠዋት ፀሐይ ይመታዋል፣ መኪናው ጉድጓድ ይገባል፤ ያቺ ቁራጭ ስንጥቅ ሆና ትሮጣለች። በማግስቱ የታየው ለዚህ ነው።

ትናንት ማታ ደግሞ ልጄ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። «የፈላ ውሃ ድፉበት፣ ከውስጥ በእግር ምቱት፣ ይወጣል» ይላል። ስንት ሰው አይቶታል! በዚህ ሥራ 19 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቀዝቃዛ መስታወት ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ መስታወት መስበሪያ ዘዴ ነው። አታድርጉት።

ትክክለኛው አወጣጥ ይኸውላችሁ፦

1. መስታወቱ በምን እንደተያዘ እወቁ። የድሮ ፒክአፕ አብዛኛው በጎማ ነው፦ ወፍራም ጥቁር ጎማ ዙሪያውን መስታወቱንም ላሜራውንም ነክሶ ይይዛል። አዲሶቹ በማጣበቂያ የተለጠፉ ናቸው፤ እነሱን እንደማትገፉ ከታች እናገራለሁ።

2. መጥረጊያውንና ስፖኪዮውን ፍቱ። ኮፈኑና ዳሽቦርዱ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፉ። ጎማው መሃል የተሰካ ማጠበቂያ ወይም የሚያብለጨልጭ ጌጥ ካለ እሱ ይቅደም፤ እሱ ሳይወጣ ጎማው አይላላም።

3. ጎማው። ሰው ሁሉ የሚያጠፋው እዚህ ስለሆነ እዚህ ጋ ልቁም።

40 ዓመት ፀሐይ የመታው ጎማ ጎማ አይደለም፤ እንጨት ሆኗል። አይታጠፍም፣ አይለጠጥም። ባለሙያ ነኝ ባዩ ግን ጎማውን ሳልጎዳ ላውጣ ብሎ ካቻቢቴ ከጎማውና ከመስታወቱ መሃል ይሰካና ይፈነቅላል። ምኑን ለማዳን ነው? ያ ጎማ ቢወጣም ተመልሶ ውሃ አይከለክልም። አዲስ ጎማ ይገዛል። መስታወቱ ግን የመለዋወጫ ገበያውን ሶማሌ ተራን ሙሉ ቀን ዞራችሁ፣ ከሌላ መኪና የተፈታ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። የሚተካውን ለማዳን የማይተካውን የሚሰብር ሰው ሥራውን አያውቅም። ስንት ጊዜ ተናገርኩ! ስንት ለማጅ «ጎማው እንዳይበላሽ ተብዬ ነው» እያለ መስታወት ሰብሮ አየሁ!

ስለዚህ ቁረጡት። አዲስ ምላጭ፣ የሳሙና ውሃ። ምላጩን መስታወቱ ላይ አስተኝታችሁ፣ መስታወቱ ላይ የተኛውን የውጭውን ከንፈር ዙሪያውን ቆርጣችሁ አንሡት። ከዚያ አንድ ሰው ውስጥ፣ አንድ ሰው ውጭ። የውስጡ ከላይኛው ጥግ ጀምሮ በሁለት መዳፍ ቀስ ብሎ ይገፋል፤ የውጭው አይጎትትም፣ ይቀበላል እንጂ። መስታወቱ መሬት ላይ አይተኛም፤ እንጨት ወይም ምንጣፍ ላይ በጠርዙ ይቆማል።

ጎማው አዲስና ለስላሳ ከሆነ ብቻ ይተርፋል። ፀሐይ ላይ አቁሙት፣ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አርጥቡት፣ ከውስጥ በኩል የጎማውን ከንፈር በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ከላሜራው ላይ እየመለሳችሁ ግፉ። ብረት አይነካውም።

ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት የመስታወቱ ጥግ ላይ ያለውን ማኅተም አንብቡ፤ አንደኛ ላይ ልጽፈው ይገባ ነበር። አንዳንድ አሮጌ መኪና ላይ «ቴምፐርድ» የሚል አለ። እሱ አይሰነጠቅም፤ ጠርዙ ከተነካ ሙሉው በአንዴ እንደ ጨው ይፈሳል። መነጽር አድርጉ።

የተለጠፈውን በተመለከተ፦ በቀጭን ጠንካራ ሽቦ ሁለት ሰው እንደ መጋዝ እየሳበ ማጣበቂያውን ይቆርጣል። ሲመለስም በራሱ ማጣበቂያ እንጂ በሲሊኮን አይደለም! አዲስ መኪና ሲገለበጥ ጣሪያውን ከሚደግፉት አንዱ ያ መስታወት ነው፤ የተሳፋሪው ኤርባግም ሲፈነዳ እሱን ተደግፎ ነው የሚቆመው።

መስታወቱ ከወጣ በኋላ ፍሬሙን ተመልከቱ። ዝገት አብጦ ከሆነ ፋቁት፣ ፀረ ዝገት ቀቡት፤ ያ እብጠት አዲሱንም መስታወት ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በዓመታዊ ምርመራ ይህን የሚያይ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ስንጥቅ አይተው ይመልሳሉ፤ መስታወቱን ምን እንደያዘው አይጠይቁም። ኢንሹራንሱም ሦስት ፕሮፎርማ አስመጥቶ ሥራውን ለርካሹ ይሰጣል፤ ርካሹ ደግሞ ካቻቢቴ የያዘው ነው። ለልምምድ ወደ እኔ የሚላኩ ልጆች ሞተር ፈትተው ይገጥማሉ፤ መስታወት ግን በትምህርት ቤት ቆይታቸው አንድ ቀን አልነኩም። ሲሰብሩ በማን ይፈረዳል?

እኚህ አባትም አሁን መስታወት ብቻ አይደለም የሚፈልጉት። ቦሎውና የሦስተኛ ወገኑ ስቲከር የተለጠፉት እዚያው የተሰነጠቀው ላይ ነው። ሲቀየር ከመስኮት መስኮት ሊመላለሱ ነው፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ ሌላ ሰው ባጠፋው።

መኪናችሁን ለቀለም ከመስጠታችሁ በፊት «መስታወቱን በምን ነው የምታወጡት?» ብላችሁ ጠይቁ። ካቻቢቴ ካሳዩአችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉ። የዚህ ሞዴል ሃይሉክስ ጤነኛ የፊት መስታወት ያለው ሰው ካለ ደግሞ እባካችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ መኪናቸው ግቢዬ ቆሞ እየጠበቀ ነው።