የኮምፒውተርዎ ባዮስ ስንተኛው ነው?

ላፕቶፕ ሲያስቸግር ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው መፍትሔ ፎርማት ማስደረግ ነው። ዲስኩ ይጸዳል፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፤ ችግሩ ግን አንዳንዴ ንቅንቅ አይልም። ፎርማት የማይደርስበት ፕሮግራም አለና። ይህ ፕሮግራም የሚቀመጠው ዲስኩ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ በተበየደች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። ማብሪያው ሲነካ ከሁሉ ቀድሞ ይነሳል፤ ሜሞሪውን፣ ኪቦርዱንና ዲስኩን ፈትሾ ያዘጋጃል፤ ከዚያ ሥራውን ለዊንዶውስ ወይም ለሊኑክስ ያስረክባል። ፈርምዌር ይሉታል፤ በተለምዶ ባዮስ ነው የምንለው።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ፒሲ ላይ ባዮስ የማይሰረዝ ቺፕ ውስጥ ተቀርጾ ይመጣ ስለነበር፣ ለመቀየር ቺፑን ራሱን ነቅሎ ሌላ መትከል ግድ ነበር። በኋላ ተሰርዞ የሚጻፍ ፍላሽ ቺፕ መጣና ማደሱ ቀለለ። አደጋውም አብሮ መጣ፦ ታይዋን ውስጥ የተጻፈው ሲአይኤች የተባለ ቫይረስ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1999 የዲስክ መረጃ ከማጥፋት አልፎ የአንዳንድ ኮምፒውተሮችን ባዮስ በማይረባ ዳታ ሞላው፤ እነዚያ ማሽኖች ከዚያ ወዲያ አልነሳ አሉ። ዛሬ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ዩኢኤፍአይ የሚባለው አዲሱ ትውልድ ነው፤ ስሙ ግን ያው ባዮስ እንደሆነ ቀርቷል።

እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ባዮስም ስህተት ይገኝበታል፣ ይታረማል፣ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩን ማወቅ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ሲጎዱ፣ የኮምፒውተር ጨዋታ ሲዘጋና ኮምፒውተሩ በድንገት ሲቆም፣ ማስተካከያው ለተጠቃሚው የደረሰው በዋናነት በማዘርቦርድ አምራቾች የባዮስ እድሳት በኩል ነው። እድሳቱ ጉዳትን ይከላከላል እንጂ አንዴ የተጎዳውን ፕሮሰሰር አያድንም። ስለዚህ የያዘው ባዮስ ከማስተካከያው በፊት ይሁን በኋላ ያላወቀ ባለቤት ንብረቱ አደጋ ላይ ነበር።

ለማየት ኮምፒውተሩን መፍታት አያስፈልግም። ባዮስ በተነሳ ቁጥር ስለራሱና ስለ ማሽኑ የሚገልጽ ሰንጠረዥ ሜሞሪ ውስጥ ትቶ ያልፋል፤ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ የሚያነቡት ያንኑ ነው። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጭነው፣ በሚመጣው ሳጥን ውስጥ ኤም፣ ኤስ፣ አይ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ ኦ ብለው 32 አስከትለው ይጻፉና ኢንተር ይበሉ። ከሚከፈተው ዝርዝር ውስጥ የባዮስ ቨርዥንና ቀን የሚለውን መስመር ይፈልጉ። ሊኑክስ ላይ ዲኤምአይዲኮድ የተባለው ትእዛዝ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ሲታዘዝ ይነግርዎታል። ማክ ላይ ደግሞ ከአፕል ምልክቱ ተነስተው የሲስተም ሪፖርቱን ሲከፍቱ፣ ሃርድዌር በሚለው ሥር የሲስተም ፈርምዌር ቁጥር ይገኛል። ዊንዶውሱ ጭራሽ ካልተነሳ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ኤፍ 2፣ ዲሊት ወይም ኤፍ 10 (እንደ አምራቹ ይለያያል) ደጋግሞ መጫን ወደ ባዮሱ ገጽ ያስገባል።

ማግኘቱ ቀላል ነው፤ የሚያሳስተው ንባቡ ነው። አንደኛ፣ በዊንዶውሱ ዝርዝር ላይ ከባዮስ ቨርዥን ሥር ኤስኤምባዮስ ቨርዥን የሚል ሌላ መስመር አለ፤ 3.2 ወይም 3.3 ዓይነት ቁጥር ይይዛል። ይህ የሰንጠረዡ ደረጃ ነው እንጂ የባዮሱ ቁጥር አይደለም፤ ቁጥሩን ተጠይቆ ይህንን የሚልክ ሰው ጥቂት አይደለም። ሁለተኛ፣ 1.14 ከ1.9 ይልቅ አዲስ ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው 14 ተብሎ ነው የሚነበበው። ሦስተኛ፣ ሰንጠረዡ ውስጥ ቀኑ የሚጻፈው ወር ቀድሞ ነው፤ ዲኤምአይዲኮድ 04/07/2021 ካለዎት ኤፕሪል 7 ማለቱ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚገዛ ሰው ይህን ቀን እንዲያይ እመክራለሁ፤ ብዙ ዓመት ካስቆጠረ አምራቹ ያወጣው አዲስ እርማት ይኖር እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉት፣ ከአምራቹ ገጽ ላይ ከትክክለኛው ሞዴል ጋር ያስተያዩት። ማደስ ካስፈለገ ባትሪው ይሞላ፣ ቻርጀሩም ይሰካ፤ ቺፑ እየተጻፈ መብራት የሄደበት ኮምፒውተር ዳግም ላይነሳ ይችላል። ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ የበራበት ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ከእድሳቱ በፊት መቆለፊያውን ለጊዜው ያቁሙት። አለበለዚያ ማሽኑ ሲነሳ ባዮሱ መለወጡን አይቶ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅዎት ይችላል፤ ያ ቁጥር ከሌለ ዲስኩ ውስጥ ያለው ፋይል አይከፈትም።