አይቪኤፍ ልትጀምሩ ነው? መጀመሪያ ባልም ይመርመር

ብዙ ጊዜ የምርመራ ወረቀት ታቅፋ የምትመጣው ሚስት ብቻ ናት። ያለመፀነስ መንስኤው ከወንዱም ሊሆን ስለሚችል፣ የባል የዘር ፈሳሽ ውጤት ሳይታይ እኔ ስለ መርፌ አላወራም።

እንቁላል የሚያሳድገው መርፌ በየቀኑ ከ8 እስከ 14 ቀን ገደማ ይወሰዳል፤ ብዙዎች ቤታቸው ራሳቸው ይወጉታል። በየጥቂት ቀኑ አልትራሳውንድ ስላለ ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ማረፊያ አስቡ። የመጨረሻው መርፌ ሰዓቱ አይዛነፍም፤ እንቁላሉ የሚወጣው ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው።

10 እንቁላል ተገኘ ማለት 10 ፅንስ ማለት አይደለም፤ በየደረጃው ይቀንሳል። ፅንሱ ብዙውን ጊዜ በ3ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ማህፀን ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ አልጋ ላይ መዋል አያስፈልግም (እማማ ቢቆጡም)። እርግዝና መኖሩን የሚያሳየው የደም ምርመራ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ሆድ በጣም ከተነፋ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ።